የልዩ ፍላጎት ሕፃናት ትምህርት በጅማ ገጠር፦ የመሥሪያ ቤቶች ቅንጅት

በጅማ ዞን ገጠር ልዩ ፍላጎት ያለውን ሕፃን ቀድማ የምታየው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። መምህሩ ልጁን የሚያገኘው ከዓመታት በኋላ፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የዝግጅት ክፍል፣ ኦ ክፍል፣ ሲገባ ነው፤ ያውም ከገባ። ቅንጅት የሚባለው ነገር በመሃል ያሉት ዓመታት ባክነው እንዳይቀሩ ማድረግ ነው።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ተሻሽሏል። ለሕፃናቱ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ነው። ሦስት መሥሪያ ቤት አንድ ሰነድ ላይ መፈረሙ ቀላል ነገር አይደለም።

ጅማ ላይ በደንብ የተጻፈለት የዩኒቨርሲቲው ሥራ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውሕደት ተመሠረተ። ተማሪን ማኅበረሰቡ መሃል አስገብቶ ማስተማር መለያው ነው፤ ጅማም በዚህ ብትኮራ ይገባታል። ተመራማሪዎቹ ከውጭ አጋሮች ጋር ሆነው ዴንቨር ሁለት የተባለውን የሕፃናት ዕድገት መለኪያ ለጅማ ልጆች እንዲስማማ አድርገው በ2016 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ምዘናው ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ልጁ ትንንሽ ኪዩቦችን አንዱን ባንዱ ላይ ይደረድራል፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ቤት ውስጥ ምን ምን እንደሚያደርግ ትጠየቃለች። በመጀመሪያው መለኪያ ውስጥ ግን ካርታ መጫወትን የመሰለ ጥያቄ አለ። ይህ ለሰቃ ጮቆርሳ ወረዳ ልጅ ምኑም አይደለም። እንዲህ ያለ መለኪያ ደህናውን ልጅ «ዘግይቷል» ሊለው ይችላል። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን በሆስፒታልና በቤታቸው በጨዋታ የማነቃቃት ጥናትም እዚሁ ተሠርቷል።

ወረዳ ላይ ሥራው በትምህርት፣ በጤና፣ በሴቶችና ሕፃናት እንዲሁም በማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች መካከል ተከፋፍሏል። ማን ይምራው በሚለው ላይ ሐሳብ ይለያያል። ጤናው ልጁን ቀድሞ ያገኘዋል፤ ትምህርቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይዞት ይቆያል። ሁለቱም ያስኬዳል። ልጁ ከሠፈሩ እኩዮች ጋር አብሮ መማሩ ግን አያከራክርም።

ጤና ኬላ ውስጥ የእያንዳንዱ ቤት መረጃ የሚያዝበት የቤተሰብ ፎልደር አለ። ልጁ በስንት ዓመቱ እንደተራመደ፣ ሲጠሩት ይሰማ እንደሆነ እዚያ ቢጻፍና የኦ ክፍል ምዝገባ ሲደርስ መምህሯ እጅ ቢገባ ትልቅ ነገር ነው። የወላጆች ስብሰባም ከቡና ለቀማ ጋር መጋጨት የለበትም። በለቀማ ሰሞን ቤት ውስጥ ሰው አይገኝም።