በርበሬ ቅንጠሳው ለቅሶ ነበር

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድም እህቶቼ። ዛሬ ስለ ሪጽፋ ላወራችሁ ነው፣ 2ኛ ሳሙኤል 21 ላይ ስላለችው፣ ብዙም አይሰበክባትም። እኔ ግን ታሪኳን ከማንበቤ በፊት በዓይኔ ያየኋት ነው የሚመስለኝ።

ጥር 1970፣ አዲስ አበባ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ከዘጠኝ ወር በፊት ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ (ያው የዛሬው መስቀል አደባባይ) ቆሞ ደም የመሰለ ነገር የተሞላ ጠርሙስ መሬት ላይ ከስክሷል፣ ይሄን ያኔ የት አውቄው። እኔ የማውቀው ጠዋት ዳቦ ግዛ ተብዬ ስላክ እናቴ "ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ወዲያ ወዲህ እንዳታይ" ማለቷን ነው። አየሁ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ተማሪ ነበር፣ ቦዩ ዳር ተጋድሟል፣ ደረቱ ላይ ወረቀት አለ። ገና ፊደል እየለየሁ ስለነበር አንድ በአንድ እየቆጠርኩ አነበብኩት፣ "ቀይ ሽብር ይፋፋም"። ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነበር። ከዛ ዳቦውን ገዝቼ ተመለስኩ። እስከዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ገዝቼ ተመለስኩ።

ለቅሶ ክልክል ነው። ጥሩምባ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ፍትሐት የለ፣ አርባ የለ። ሬሳውን መኪና ጭኖት ሄደ፣ የት እንደተቀበረ ለእናቱ የሚነግራት የለም (የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦችም ነበሩ እኮ)። እናትየው ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ቦዩን ታያለች፣ ቀበሌዎች ሲያልፉ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም። በሦስተኛው ቀን እናቴ አንድ ጆንያ በርበሬ ተሸክማ ወደሷ ቤት ገባች፣ የሰፈሩ ሴቶችም ቅንጠሳ ልናግዝ ብለው ተከተሏት። እኔ በር ላይ ነበርኩ። በርበሬ ሲቀነጠስ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ማንም ሰው ለምን ታለቅሳላችሁ ብሎ አይጠይቅም። እስኪመሽ ቀነጠሱ፣ አንድም ሰው ቃል ሳይናገር፣ ሰዓት እላፊ ሲደርስ ፊታቸውን ጠርገው ተበተኑ።

ወደ ሪጽፋ ልመለስ። የሳኦል ቁባት ናት። ሦስት ዓመት ረሃብ ሆነና በሳኦል ጥፋት ሰባት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ተሰቀሉ፣ ሁለቱ የሷ ናቸው። የፈረደው ንጉሥ ነው፣ ዳዊት ራሱ፣ እሷ ምን አቅም አላት? ማቅ ወስዳ ዓለቱ ላይ አነጠፈች፣ ከገብስ አጨዳ ጀምሮ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ቀን አሞራ ሌሊት አውሬ እንዳይነካቸው ስትከላከል ከረመች። አንድም ቃል ስትናገር አልተጻፈም፣ ስትጸልይ እንኳን አልተጻፈም። ጅብ ከተማ ገብቶ ሬሳ በሚበላበት ዘመን ያደገ ሰው ይሄን ምዕራፍ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

እና እስኪ ቁጥር 14ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው ልጆቹ ሲሰቀሉ አይደለም። ዳዊት የሪጽፋን ነገር ሰምቶ የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ካስመጣ፣ የተሰቀሉትንም አጥንት ካሰበሰበ፣ ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ንጉሡን የመለሰችው ዝም ብላ የተቀመጠች እናት ናት። አንዳንድ ሰባኪ "ያለፈውን እርሱት፣ እምነት ካላችሁ አታልቅሱ" ሲል እሰማለሁ፣ እኔ አልቀበለውም፣ ራሔልም መጽናናት አልወደደችም ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ማንም አልተቆጣትም። መዝሙር 56 ላይ ደግሞ ዳዊት እንባዬን አጠራቅምልኝ ይላል፣ የሚጠራቀምበት ዕቃ በዕብራይስጡ አቁማዳ ነው። ሰውየው አደባባይ ላይ ጠርሙስ ይሰብራል፣ ጌታ ደግሞ ከበርበሬ መሀል የወረደውን ይሰበስባል።

በእኛም አገር አጥንት ተሰብስቧል። ደርግ ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ፣ ከአርጀንቲና ድረስ ባለሙያ መጣ። የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስም የመካነ ኢየሱሱ የቄስ ጉዲና ቱምሳም አጽም የተገኘው ያኔ ነው። በ2002 ደግሞ ያ ጠርሙስ የተሰበረበት አደባባይ ጥግ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ፣ አጥንቱ በመስታወት ውስጥ ይታያል።

የጎረቤታችን ልጅ አልተገኘም። እናትየው ግን በ1983 ክረምት የዕድሩን ዳኛ አስጠርታ "ድንኳኔን ትከሉልኝ" አለች። ተተከለ፣ ዝናብ እየዘነበ። የሰፈሩ ሰው መጣ፣ እናቴም ገባችና ከ13 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ "እግዜር ያጥናሽ" አለቻት።