ሾሮን ቡምባገር፦ ከዘራፊ የተረፈው የሞንጎሊያ መቃብር

ሾሮን ቡምባገር በማዕከላዊ ሞንጎሊያ፣ በቡልጋን ክፍለ ሀገር ባያንኑር ወረዳ የሚገኝ የ7ኛው ክፍለ ዘመን መቃብር ነው። ላዩ ሣር የበቀለበት የአፈር ጉብታ ነው። በዚያ አገር ሜዳ ላይ ጉብታ ሞልቷል፤ ብዙው ግን ገና ድሮ በዘራፊ ተበርብሯል። ይኼኛው ተርፎ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2011 የሞንጎሊያና የካዛኽስታን አርኪኦሎጂስቶች ቆፈሩት።

ከጉብታው ሥር ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም ቁልቁል መተላለፊያ ተገኘ። ግድግዳውም በሥዕል የተሞላ ነው። መግቢያው ላይ በአንድ በኩል ሰማያዊ ዘንዶ፣ በሌላው ነጭ ነብር ተስሏል። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ሰይፍ የታጠቁ ሰዎች፣ ባንዲራዎች፣ ፈረስ የያዙ ሎሌዎች ይታያሉ። አሠራሩ የቻይናው የታንግ ሥርወ መንግሥት ባለሥልጣናት መቃብር ቁርጥ ነው።

መቃብሩ ክፍል ውስጥ ግን ሬሳ የለም። የተገኘው በእንጨት ሣጥን የተቀመጠ የተቃጠለ አጥንት ነው። የቻይና ዜና መዋዕሎች በዚያ ሜዳ ይኖሩ የነበሩት ዘላኖች፣ የጥንት ቱርኮች፣ ሙታናቸውን ያቃጥሉ እንደነበር ጽፈዋል። ስለዚህ ቤቱ የቻይና፣ ቀብሩ የዘላኖቹ ነው ማለት ይቻላል። የስቴፕ (የሰፊው የሣር ሜዳ) ጦረኛ ብዙ ጊዜ ከነፈረሱ ነበር የሚቀበረው፤ እዚህ ሟቹን የሚያጅቡት የሸክላና የእንጨት ምስሎች ናቸው። ፈረሰኛው፣ ግመሉ፣ አሽከሩ ሁሉ አለ።

የሟቹን ስም የሚናገር ጽሑፍ አልተገኘም። ፍንጭ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው ሞንጎሊያ በዛማር የተቆፈረው ሌላ መቃብር ነው። እዚያ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ባለቤቱ ፑጉ ኢቱ እንደሚባልና በ678 እንደሞተ ይናገራል። የፑጉ ጎሣ አለቃ ሲሆን የታንግ ሹመትም ነበረው። የሾሮን ቡምባገሩም ሰው እንዲህ ያለ ሹም ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚገርመው ወርቁ ነው። በርከት ያሉ የወርቅ ሳንቲሞች ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ የቁስጥንጥንያ ነገሥታትን ገንዘብ አስመስለው የተሠሩ ናቸው። ስስ ስለሆኑ ገበያ ላይ የሚያገለግሉ አይመስሉም። ቅጂው በሶግድ፣ ማለትም በመካከለኛው እስያ ነጋዴዎች በኩል ሳይመጣ አልቀረም፤ የሐር መንገድ ንግድ በአብዛኛው በነሱ እጅ ነበር። መቼም ከቁስጥንጥንያ እስከ ሞንጎሊያ ያለው መንገድ ቀላል አይደለም። ግኝቶቹ ኻርኾሪን ከተማ በሚገኘው የካራኮሩም ሙዚየም ለሕዝብ ይታያሉ።