ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው «ኤምኤኤች» ምንድን ነው?

ፓወር ባንክ ሲገዛ ሁሉም ሰው የሚያየው አንድ ቁጥር ነው። 10,000፣ 20,000፣ አንዳንዴም 50,000። ከጎኑ «ኤምኤኤች» የሚሉ ፊደላት አሉ። ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። የስልኬ ባትሪ 5,000 ነው፣ ፓወር ባንኩ 10,000፤ በቃ ሁለቴ ይሞላልኛል!

አይሞላም። አንዴ ይሞላና በሁለተኛው ዙር ግማሽ አካባቢ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» ማለት ይጀምራል። እውነቱን የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ዕቃው ጤነኛ ነው። ቁጥሩ የሚለካው እኛ የመሰለንን ነገር ስላልሆነ ነው።

ኤምኤኤች ሚሊአምፒር-አወር ነው። 10,000 ከሆነ ባትሪው 1 አምፒር እየሰጠ 10 ሰዓት፣ 2 አምፒር እየሰጠ ደግሞ 5 ሰዓት ያህል ይቆያል ማለት ነው። በዚህ ውስጥ ቮልት የለም። ችግሩም እሱ ነው። ስንት ጆንያ እህል እንዳለ ተነግሮን አንዱ ጆንያ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ እንዳልተነገረን ቁጠሩት።

ፓወር ባንክ ውስጥ ያሉት የሊቲየም ሴሎች በአማካይ 3.7 ቮልት ይሰጣሉ። 10,000 የሚለው ቁጥር የተለካው በዚህ ቮልት ነው። ገመዱን የምንሰካበት ዩኤስቢ ግን በተለምዶ የሚያወጣው 5 ቮልት ነው። ስለዚህ ውስጥ ያለች ትንሽ ሰርኪት 3.7ቱን ወደ 5 ታሳድጋለች። ቮልት ሲጨምር አምፒር ይቀንሳል፤ ከየትም የሚመጣ ትርፍ ኃይል የለም። 10,000ን በ3.7 አባዝታችሁ ለ5 ስታካፍሉት 7,400 ይመጣል። ሰርኪቷም በነጻ አትሠራም። ቻርጅ እያደረገ ሳለ ፓወር ባንኩን በእጃችሁ ብትይዙት ሞቅ ይላል አይደል? ያ ሙቀት ስልካችሁ ጋ ሳይደርስ የቀረ ቻርጅ ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ይሄዳል። የሚተርፈው 6,300 ወይም 6,600 አካባቢ ነው።

ዕቃውን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። ደህና አምራቾች በደቃቅ ጽሑፍ «ሬትድ ካፓሲቲ» (በዩኤስቢው በኩል በእርግጥ የሚወጣው መጠን) የሚል መስመር ያስቀምጣሉ። አጠገቡ 6,000 ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ቁጥር፣ ከ5 ቮልት ጋር ታገኛላችሁ። ፊት ለፊት በትልቁ 10,000፣ ከኋላ በአጉሊ መነጽር የሚነበብ 6,000። ውሸት ነው አይባልም፣ ሴሎቹ የእውነት 10,000 ናቸው። አፌን ሞልቼ ግን ሐቀኝነት ነው አልልም።

ትክክለኛው መለኪያ ዋት-አወር ነው። ኤምኤኤቹን በቮልቱ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። የኛ ፓወር ባንክ 37 ዋት-አወር ይሆናል። 5,000 የሚለው ስልክ ባትሪው 3.85 ቮልት ከሆነ 19 ዋት-አወር ገደማ ነው። ከ37ቱ የባከነውን ቀንሱ፣ ስልኩም ራሱ ሲሞላ የሚያባክነውን ጨምሩበት፤ ውጤቱ አንዴ ተኩል ነው። በዋየርለስ ቻርጅ ካደረጋችሁ ወይም እየሞላ ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። የላፕቶፕ ባትሪ ላይ ዋት-አወር የሚጻፈው በከንቱ አይደለም። ሴሎቹ በተከታታይ ተያይዘው 11 ወይም 15 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጡ በኤምኤኤች ብቻ ከስልክ ጋር ቢወዳደሩ ላፕቶፑ ያነሰ ሊመስል ይችላል።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። ኦንላይን ላይ ኪስ የሚገባ ባለ 50,000 ፓወር ባንክ ስታዩ ኪሎውን ፈልጉ። ብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ 18650 የሚባል ክብ ሴል አለ። ስሙ ልኩ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ከጥሩዎቹ አንዱ 3,500 ገደማ ይይዛል፣ ክብደቱም 50 ግራም አይሞላም። 50,000 ለመድረስ 15 ያህሉ ያስፈልጋሉ። ሴሉ ብቻ ወደ 700 ግራም ሆነ ማለት ነው። ሻጩ «ክብደት፦ 200 ግራም» ብሎ ከጻፈ ራሱን አጋለጠ። ጠፍጣፋ ሴል ቢሆንም ሒሳቡ ብዙ አይለወጥም።

በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ደግሞ ዋት-አወርን ሳይወድ በግዱ ያውቃታል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ ተመዝኖ በሚገባው ሻንጣ አይፈቀድም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚታለፈው እስከ 100 ዋት-አወር ነው፤ ከዚያ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለ 20,000ው 74 ስለሆነ ያልፋል። ገበያ ላይ 26,800 የሚል እንግዳ ቁጥር የሚበዛውም ለዚህ ነው፦ በ3.7 ሲባዛ 99.16 ይሆናል።