ቤጂንግና ኡሩምቺ፦ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ፀሐይ

ከቤጂንግ በሰሜን ምዕራብ ቻይና እስካለችው የሺንጂያንግ ክልል ዋና ከተማ ኡሩምቺ በቀጥታ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር ነው። በአውሮፕላን 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህን ሁሉ አቋርጦ የሄደ መንገደኛ ግን የእጅ ሰዓቱን መንካት አያስፈልገውም። ሁለቱም ከተሞች በሕግ የሚመሩት ከግሪንዊች 8 ሰዓት በሚቀድመው የቤጂንግ ሰዓት ነው። ፀሐይ ግን ኡሩምቺ የምትደርሰው ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። (ከዚህ በታች ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በአውሮፓውያን ጽፌዋለሁ።)

ቻይና ድሮም እንዲህ አልነበረችም። ከ1949 በፊት አምስት የሰዓት ቀጠናዎች ነበሯት። ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ሲይዙ አምስቱ ቀሩና አገሩ በሙሉ በዋና ከተማዋ ሰዓት እንዲሄድ ተደረገ።

ቤጂንግ በዚህ የተጎዳችው ነገር የለም። ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ሰው 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ይገባል፣ 6 ሰዓት ላይ ምሳውን ይበላል። ከተማዋ ሰዓት መንገር የለመደች ናት። የከበሮና የደወል ማማዎቿ እስከ 1924 ድረስ ለነዋሪው ሰዓት ያሳውቁ ነበር። ዛሬ ወደ 22 ሚሊዮን ሕዝብ አላት። በ1420 ተሠርቶ ባለቀው የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ዙሪያ፣ ሁቶንግ የሚባሉት ጠባብ የመንደር መንገዶች አሁንም በከፊል አሉ። የመንግሥት ከተማ ናት፤ ትእዛዝ የሚወጣው ከእሷ ነው፣ ሰዓቱም ጭምር።

ኡሩምቺ ሌላ ዓለም ናት። 4 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባታል። ከዓለም ትልልቅ ከተሞች እንደ እሷ ከባሕር የራቀ የለም፤ የቅርቡ ባሕር እንኳ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በምሥራቅ በኩል 5,445 ሜትር ከፍታ ያለው በረዷማው የቦግዳ ተራራ ይታያል። በገበያዋ የበግ ጥብስ፣ በእቶን የተጋገረ ናን የሚሉት ዳቦና በእጅ የተሳበ ፓስታ መሰል ላግማን ይሸጣል። በክልሉ የሚኖረው፣ በአብዛኛው ሙስሊም የሆነው የኡይጉር ሕዝብ ቋንቋ የሚጻፈው ከዐረብኛ በተወሰደ ፊደል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከቤጂንግ ይልቅ ለመካከለኛው እስያ ትቀርባለች።

እዚህ እኩለ ቀን የሚሆነው 8 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ለምሽቱ 4 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው። በታኅሣሥ ደግሞ የምትወጣው ከጠዋቱ 3፡40 ገደማ ነው። ቤጂንግ ላይ ሠራተኛው ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት፣ ኡሩምቺ ገና ጎህ አልቀደደም ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኝቷል። ሰዓቱ ባይነካም ውሎው ተገፋ። መሥሪያ ቤት የሚከፈተው 4 ሰዓት ላይ ነው። ምሳ 8 ሰዓት ይሆናል። ሠራተኛ የሚወጣው ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔም በሰኔ ጠራራ ፀሐይ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን “የሺንጂያንግ ሰዓት” አለ፤ ከቤጂንግ በ2 ሰዓት ወደኋላ የሚቀር። ብዙ ኡይጉሮች እርስ በርስ ሲቀጣጠሩ የሚጠቀሙት በዚህ ነው። የአገሪቱ ትልቁ ብሔር የሆኑት ሃን ቻይናውያን ደግሞ በአብዛኛው በቤጂንጉ ይሄዳሉ። እናም ጎረቤታሞች ሆነው በሁለት የተለያየ ሰዓት ይኖራሉ። የማንነትና የፖለቲካ ጥያቄ በከረረበት በዚህ ክልል፣ ሰው ሰዓቱን በየትኛው እንዳስተካከለ ማየት ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ስለዚህ እዚያ “10 ሰዓት እንገናኝ” የተባለ ሰው “በየትኛው?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ካልጠየቀ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊገተር ይችላል። ባቡርና አውሮፕላን ግን ድርድር አያውቁም፤ ትኬቱ ላይ ያለው የቤጂንግ ሰዓት ነው።