«ከፋኝ» እና «ወደደኝ»፦ ቡድሃ ስለ እኔነት ከጠየቀው ለጸሎታችን የሚሆን

የተወደዳችሁ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ቤታችን ከገባ ቆይቷል። እጨጌ ዕንባቆም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1553፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የባራላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ መነሻው እሱ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነነው የሕንድ ልዑል። «ይዋሴፍ» የሚለው ስም ራሱ «ቦዲሳትቫ» (ቡድሃ ከመሆኑ በፊት የሚጠራበት ስም) በዐረብኛ በኩል ሲያልፍ ተለዋውጦ የመጣ ነው። ታሪኩ በመንገድ ላይ ክርስቲያን ሆነ፤ ልዑሉ ስለ እኔነት ያስተማረው ግን አብሮት አልመጣም። ያሳዝናል፤ ራስን መካድ ለሚለምድ ሰው ይጠቅም ነበርና።

ቡድሃ አብረውት ይመንኑ ለነበሩት ለአምስቱ «እኔ» የምንለውን በአምስት ከፍሎ አሳያቸው፦ ሥጋ፣ ስሜት፣ ለይቶ ማወቅ፣ የፈቃድ ዝንባሌ፣ ንቃት። በእያንዳንዱም ላይ «ይህ የእኔ ነውን?» አላቸው። ሥጋ የእኔ ቢሆን «እንዲህ ሁን» ስለው በታዘዘ ነበር፤ ግን ሳልፈቅድለት ይታመማል፤ እንግዲያስ የእኔ አይደለም። ሌሎቹም አራቱ እንዲሁ።

ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥታችሁ የአራት ኪሎ ታክሲ ስትጠብቁ አንዱ ሰልፍ ጥሶ ገባ እንበል። ፊት ይግላል፤ ሥጋ ነው። ያስከፋል፤ ስሜት ነው። ልብ «ባለጌ!» ብሎ ይሰይመዋል፤ ምላስ ለስድብ ይዘጋጃል፤ ይህን ሁሉ የሚያይ ንቃትም አለ። መያዝ ያለበት ስሜቱ ላይ ነው። በቡድሃ ትምህርት ምኞትና ጥላቻ የሚበቅሉት ከስሜት ነው፤ ስም ከወጣለት በኋላ ስድቡ ከአፍ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ በልባችሁ «ንዴት መጣ» በሉ፣ ሦስት ጊዜ በዝግታ ተንፍሱ፣ ከዚያ «ጌታ ሆይ፣ ማረኝ»።

ማታ ከ41 እግዚኦታ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ አንድ ክስተት ብቻ እንዲህ መርምሩ። ቀኑን ሙሉ ከሰበሰባችሁት ምርመራው ሰውን ወደ መክሰስ ይዞራል።

«እኔ ከሌለሁ ኃጢአቱም የእኔ አይደለም» የሚል ሰው መንገዱን ስቷል፤ ንስሐ «በደልሁ» የሚል አፍ ይፈልጋል። ለቅሶ ቤት ሄዶ ልጇን ለቀበረች እናት ይህን የእኔነት ምርመራ ማስተማር ጭካኔ ነው። ጭንቀት የጸናበትም ልምምዱን ትቶ ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ሐኪም ይሂድ።

ከቡድሃ ተከታይ ጋር ስንነጋገር «እናንተ ሰው የለም ትላላችሁ» ብለን አንጀምር። ቫቻጎታ የሚባል መናኝ «እኔነት አለ ወይስ የለም?» ብሎ ሲጠይቀው ቡድሃ ለሁለቱም ዝም ነው ያለው። እኛ ግን እዚያ ዝምታ ውስጥ የሚጠራን ድምፅ እንሰማለን፤ «በስምህ ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» (ኢሳ. 43፥1)።

ጳውሎስም «እኔም አሁን ሕያው ሆኜ አልኖርም» ብሎ ሳይጨርስ «በወደደኝና ስለ እኔ ራሱን በሰጠው» ይላል (ገላ. 2፥20)። አማርኛችን ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ «ከፋኝ»፣ «ራበኝ» ስንል አድራጊው እኔ አይደለሁም፣ ነገሩ መጣብኝ እንጂ። ያቺው «ኝ» «ወደደኝ» ላይ አለች። ከመቁጠሪያው የመጨረሻ ፍሬ ላይ ስትደርሱ ጣታችሁን ሳታነሡ ይህችን ቃል አንድ ጊዜ በሉና ተኙ።