ከፍ ያለ ብስኩት በአዳማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሰዎች ለቁርስ የሚጋግሩት፣ እርሾ የማይገባበት፣ ወፍራምና በእጅ ሲከፈት ተደራርቦ የሚገለጥ ብስኩት አለ። አዳማ ላይ ስንሞክረው ጠፍጣፋ ሆኖ ከወጣ ወይ ዱቄቱን ወይ ኦቨኑን እንወቅሳለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብስኩቱን የሚያበላሹት እርስ በርስ የምንቀባበላቸው ምክሮች ናቸው።

«ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛ ከፍ ይላል»

አይልም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ሊጡን ቶሎና አብዝቶ ይነፋዋል። መጠኑ ከበዛ ውስጡ ሳይበስል ያብጥና መልሶ ይሟሽሻል፤ ምላስ ላይም ምሬት ይተዋል። የአሜሪካ አሠራሮች ለ250 ግራም ፉርኖ ዱቄት ብዙ ጊዜ 1 የሾርባ ማንኪያ ያዛሉ። እዚህ 2 ወይም 2 ተኩል የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ይልቅ አለመበላሸቱን ፈትሹት፤ ሙቅ ውሃ ላይ ትንሽ ነስንሳችሁ ወዲያው ካልተፍለቀለቀ ጣሉት።

«ቅቤው መለስለስ አለበት፤ ንጥር ቢሆን ደግሞ ይጣፍጣል»

ብስኩቱን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ቅቤ ውስጥ ከመቶ 16 ገደማ ውሃ አለ። ሊጡ ውስጥ ሳይቀልጡ የቀሩ የቅቤ ቁርጥራጮች ኦቨን ሲገቡ ይቀልጣሉ፣ ውሃቸው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱም ንብርብሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ንጥር ቅቤ ግን ውሃው እሳት ላይ አልቋል፤ የሚያነሳው ነገር አይኖርም። የቀለጠ ቅቤም ዱቄቱን ያርሰዋል እንጂ ንብርብር አይሠራም። በመጋቢትና በሚያዝያ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ቅቤ ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ስለዚህ 110 ግራም የገበታ ቅቤ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉና ድንጋይ ሲሆን ካሮት በምንፈቀፍቅበት በትልቁ ቀዳዳ በኩል ዱቄቱ ላይ ፈቅፍቁት። በጣት ጫፍ ብቻ ቀላቅሉት፤ መዳፍ ይሞቃል። ዱቄቱን ራሱን ቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም ይረዳል። ሥራው ገና ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

«አሬራ ለመጋገር አይሆንም»

እንዲያውም ትክክለኛው እሱ ነው። አሬራው ጎምዛዛ ስለሆነ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፤ ብስኩቱንም ያለሰልሰዋል። ለዚያ ዱቄት 180 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አሬራ ይበቃል። ካጣችሁ እርጎ በጥቂት ወተት አቅጥኑ። ከተቀላቀለ በኋላ ግን አታስቀምጡት፤ ሶዳው ሥራውን ወዲያው ይጀምራል።

«እንደ ዳቦ በደንብ ይታሽ»

ማሸት የዳቦን ሊጥ ያጠነክራል፤ ብስኩቱን ደግሞ ያደርቀዋል፣ ወደ ላይ እንዳይወጣም ይይዘዋል። ሊጡ ተሰብስቦ ከተያያዘ ጎርበጥበጥ ቢል ምንም አይደለም። በእጅ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ አጥፉት፣ መልሳችሁ ጠፍጥፉት፤ ይህን አራት አምስት ጊዜ ብቻ። ንብርብሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። በመጨረሻ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሲጋገር ይወፍራል ብሎ ማሳሳት አያዋጣም።

«በብርጭቆ እያዞሩ መቁረጥ»

የሻይ ብርጭቆ አፉ ደንዛዛ ነው። ሲሽከረከር የሊጡን ጠርዝ አጣብቆ ይዘጋዋል፣ ብስኩቱም አንድ ጎኑ ተጣሞ ይቀራል። በተሳለ ቢላ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች፣ አራት ማዕዘን ቁረጡት። ጠርዙ ላይ የቅቤውና የሊጡ መስመሮች ተደራርበው ከታዩ በትክክል ተቆርጧል። እኔ ቢላውን የምመርጠው ቁርጥራጭ ሊጥ ስለማይተርፍም ነው፤ ተሰብስቦ ዳግም የተዳመጠ ሊጥ እንደ መጀመሪያው አይነሳም።

ፓትራው ላይ አራርቆ መደርደርም ልማድ ሆኗል። ጎን ለጎን አስጠግታችሁ ደርድሯቸው፤ ወደ ጎን መስፋት ሲያቅታቸው ወደ ላይ ይወጣሉ።

እሳቱን ቀንሶ በዝግታ ማብሰል ደግሞ የቅቤው ውሃ እንፋሎት ከመሆኑ በፊት ቅቤው ቀልጦ ፓትራው ላይ እንዲፈስ ያደርጋል። ኦቨኑን አስቀድማችሁ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ በደንብ አሙቁት፤ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች በሩን አትክፈቱ።