«ላም የበላችው ፌስታል በአዛባ ይወጣል» ላላችሁኝ ሁሉ

ፌስታል ይታገድ ሲባል ባሕር ዳር ውስጥ የሚከራከር ሰው አላገኘሁም። ባጃጅ ውስጥም ቡና ላይም መልሱ «በጣም ጥሩ!» ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ወሬ ነው የሰለቸኝ። የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ከሌላው ሰው በዛ አድርጌ ሳልሰማው አልቀርም።

«እገዳው ድንገት መጣብን።» አልመጣም። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ስስ ፌስታል አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከልክሎት ነበር። የ2017ቱ አዋጅ ጠበቅ አደረገው እንጂ አልጀመረውም።

«የጣና ችግር እምቦጭ ነው።» ሐይቁ አንድ በሽታ ብቻ ነው የሚፈቀድለት?

«እኔ ግቢዬ ውስጥ አቃጥለዋለሁ።» ጭሱን ደግሞ ልጆችህ ይስቡታል።

አሁን ወደ ዋናው። «ዶክተር፣ ላም ፌስታል ብትበላ ምን ትሆናለች? በአዛባ ይወጣል።» ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሣር ጨጓራ ውስጥ ይብላላል፣ ተመልሶ ይመሰኳል፣ ሲደቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ፌስታል አይብላላም፣ አይደቅም። እዚያው ይቀራል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ፣ ከማዳበሪያ ክር ጋር እየተጠማዘዘ ኳስ ያክላል። ላሟ የጠገበች ይመስላታል፤ መብላት ትቀንሳለች፣ ትከሳለች። መተላለፊያው ሲደፈን ሆዷ ይነፋል።

አንድ አባት የፎገራ ላም እየነዱ መጡ። ወተቷ ጠፍቷል፣ አጥንቷ ይቆጠራል፣ ሆዷ ግን ሙሉ ነው። ጎረቤት «ቡዳ ነው» ብሏቸዋል። ግራ ጎኗን በቡጢ ገፋ ሳደርገው እንደ ሊጥ ገባ፤ ቶሎም አልተመለሰም። እንደቆመች አደንዝዤ ቀደድኳት፣ እጄን እስከ ብብቴ አስገባሁ። ጥቁር ፌስታል፣ ሰማያዊ ፌስታል፣ የገመድ ቁራጭ። መጨረሻ ላይ አንዱ እንደታሰረ ወጣ። ስፈታው የሽንኩርት ልጣጭና የእንጀራ ድርቆሽ። ሰውየው ጎንበስ ብለው አዩትና «እንዴ! ይኼማ የኛ ቤት አቋጠር ነው» አሉ። እሳቸውም በር ላይ ቆመው እገዳውን ሲያመሰግኑ ነበር።

ላም ጅል ሆና አይደለም የምትበላው። ፌስታሉ ወጥ ወጥ ይሸታል፣ ጨው ጨው ይላል። እጅ የላትም፣ አትፈታውም። ጣና ሸሽቶ ዳርቻው ላይ ከብት ሲሰማራ ደግሞ ውኃው ትቶት የሄደው ፌስታል ሣሩ መሐል ነው። በምላሷ ጠቅልላ ስታነሳ አብሮ ይገባል።

ስለዚህ ትርፍራፊ በፌስታል ቋጥራችሁ አትጣሉ። ባልዲ ውስጥ አጠራቅሙና በግ ላለው ጎረቤት ስጡ። ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ፤ እናቶቻችን ይዘው ሲሄዱ አላፈሩም። ቆሮሶ ስትገዙም ክዳን ያለው ዕቃ ከቤት ውሰዱ፣ ዓሣ ሻጩ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

ዘይት መጋት የሚባለውንም ተዉት። ፌስታል በዘይት አይሟሟም። ጭንቅላቷን ወደ ላይ አንጋላችሁ ስትግቷት ዘይቱ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ሁለት በሽታ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ማመስኳት ካቆመች ሳታድሩ አምጧት፤ ዘይቱ ለወጥ ይሁን።